ስለ መነጽር ማቆሚያ አመራረጥ



በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ፡፡ ከእነርሱም አያሌዎቹን እኛ የኦሞራቴ ልጆች በኦሞ ዳርቻ እናያቸዋለን፡፡ በወዲያኛው ዳር ያረፈውን ዓሣ አዳኝ ንስር ለይቶ ለመመዝገብ ግን የሩቅ ማሳያ መነጽር ያስፈልጋል፡፡

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ሁሉ በመነጽሩ ላይ ያወጣና ማቆሚያውን ይንቃል፡፡ ነገር ግን 30 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር መንቀጥቀጡንም 30 ጊዜ ያጎላዋል፡፡ ከቱርካና ሐይቅ ወገን የሚመጣው ነፋስ ቀጭኑን እግር ባወዛወዘ ቁጥር ንስሩ ከዓይን ይጠፋል፡፡ ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው መጠነኛ መነጽርና ጠንካራ ማቆሚያ ቢገዛ ይሻለዋል፡፡

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ እንኳ አይናጋምና፡፡ ትራይፖድ የሚባለውም ማቆሚያ እንዲሁ ነው፡፡ ስንገዛ የሚከተለውን እንመልከት፡፡

አንደኛ፣ እግሩ ወፍራም፣ መጋጠሚያውም ጥቂት ይሁን፡፡

ሁለተኛ፣ ከካርቦን ይልቅ አሉሚኒየም እንምረጥ፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ክብደቱም በነፋስ ጊዜ ይጠቅማል፡፡

ሦስተኛ፣ የመካከሉን ዘንግ ወደ ላይ ሳንስብ ዓይናችን ድረስ የሚደርስ ይሁን፤ ካልደረሰም ተቀምጠን እንይ፡፡

አራተኛ፣ ሳንከፍል በፊት እግሮቹን ዘርግተን ራሱን በእጃችን ጫን እያልን እንሞክረው፡፡

ነፋስ ሲበረታ ከመካከሉ አሸዋ የሞላ ከረጢት እናንጠልጥል፤ አሸዋውን ወንዛችን በነጻ ይሰጠናል፡፡

ወንድሞችና እኅቶች! የወንዛችንን ወፎች ዛሬ እኛው ቆጥረን ካልጻፍን፣ የትኛው እንደ በዛ፣ የትኛው እንደ ጠፋ ለታናናሾቻችን ምን እንነግራቸዋለን?