በቀን አንድ ሰከንድ

ባለፈው ዓመት በዚህ ሰሞን ምን ያስጨንቅዎት ነበር? አብዛኞቻችን “እንጃ” ነው መልሳችን። የቀድሞውን ራሳችንን በዛሬው ዓይን ስለምናስታውሰው ለውጣችን ለራሳችን አይታየንም።

ይህን ለውጥ ለማየት አንዱ መንገድ ቪዲዮ ነው። ሴዛር ኩሪያማ የተባለ ሰው በ2011 እ.ኤ.አ. 30 ዓመት ሲሞላው የማስታወቂያ ሥራውን ተወና ከየዕለቱ አንድ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ያ በዓመት 6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። በ2013 ሐሳቡን የስልክ መተግበሪያ አደረገው።

ሰከንዷ ቦታንና ፊትን ታስታውሳለች። ሐሳብ ለመያዝ ግን አጭር ናት። ስለዚህ እኔ ማታ ማታ አንድ ደቂቃ ማውራትን እመርጣለሁ፤ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፎ “ዛሬ ምን ከበደኝ? ምንስ ቻልኩ?” ማለት። ሥራ የጀመረች ወጣት ጥቅምት ላይ “ስብሰባ ላይ መናገር ፈራሁ” ብትል፣ ደብተርም ይህን ይይዝላታል። ከካሜራው የሸሸውን ዓይኗን፣ “ፈራሁ” ከማለቷ በፊት የዋጠችውን ምራቅ ግን የሚያስቀረው ቪዲዮ ነው። ሚያዝያ ላይ መልሳ ስታየው ልዩነቱን ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም።

ፀጉር ማበጠር አያስፈልግም፤ ማበጠር ከጀመሩ ለሰው እየቀረጹ ነው። የከፋዎትንም ቀን አይዝለሉ። የቀረጹትን በዚያው ሳምንት አይክፈቱት፣ በድምፅዎ ማፈር ብቻ ነው ትርፉ። በየወሩ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ይገልብጡት፤ ስልክ ከተሰረቀ ማስታወሻውም አብሮ ይሄዳል።