ክረምት ከበጋ በቤት ማስተማር፤ እንዴት እንወስን?

(ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ፣ በዲያቆንነትና በፕሮጀክት ባለሙያነት ከሚያገለግል ወንድም የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ከእናንተው የመጣ ነው። አጥቢያዎችን በጎበኘንባቸው ወራት ወላጆች በተለያየ አነጋገር አንድ ጥያቄ ደጋግመው አቅርበውልናል። አንዳንዱ «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ያሰጋል፤ ልጆቻችንን ከቤት ሳናስወጣ ክረምት ከበጋ ብናስተምራቸውስ?» ይለናል። ሌላው ደግሞ «ሐምሌና ነሐሴ ሙሉውን ሲቀመጡ የተማሩትን ይረሱታል፤ ዕረፍት የሚባለው ነገር ቢቀርስ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከወላጅ ፍቅር የመነጩ ናቸውና በችኮላ አዎን ወይም አይሆንም ብለን ልናልፋቸው አይገባም።

በቤት ማስተማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ወላጆች በቤትም ሆነ በመንገድ፣ ማታም ሆነ ጠዋት ለልጆቻቸው ሕጉን እንዲያስተምሩ ያዝዛል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት በክብር ያነሣል። ቤት ምንጊዜም ያስተምራል። የሚያሳስበን ግን ቤት የትምህርት ቤቱን ሸክም ብቻውን፣ ያለ ዕረፍት፣ ዓመቱን ሙሉ ሊሸከም ይችላልን? የሚለው ነው። እኛ ይህን ሞክረን ተሰናክለናል፤ ስለዚህ ምክራችንን ከመስጠታችን በፊት ስሕተታችንን ልንነግራችሁ ወደድን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በመጀመሪያ የተነገረው ለ15 ቀናት ብቻ እንደሚዘጉ ነበር። ሆኖም እንደገና በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። በከተማ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር፤ በገጠር ግን ብዙው ቤት ይህን አላገኘም። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ሳያስብበት ትምህርት ቤት እንዲሆን ተገደደ።

የራሳችን ልጅ ያኔ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እኛም በቅንዓት ተነሥተን ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት የሚል መርሐ ግብር ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከእሑድ በቀር የዕረፍት ቀን አልነበረውም። እስከ ፋሲካ ድረስ መልካም ሄደ። ግንቦት ሲጋመስ ግን ልጅቷ «ደብተሬ ጠፋብኝ» ብላ አለቀሰች። ቤቱን ሁሉ ፈለግን። በሦስተኛው ቀን እናቷ ደብተሩን ከአልጋ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ አገኘችው። ልንቆጣ ስንል እናቷ ከለከለችን፤ «ልጄን ውሸት ያስተማራት ይህ የለጠፍነው ወረቀት ነው» አለች። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም፤ ወረቀቱን አነሣነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት አንድ ሰዓት ንባብና ሒሳብ ብቻ አስቀረን። ማታ ማታ በቃል ጸሎትና ተረት እንማማር ነበር። ቅዳሜንና እሑድን ተውንላት፤ በጾመ ፍልሰታም ወደ ቅዳሴ ከመሄድ በቀር ምንም አላዘዝናትም። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከእኛ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆመች። ንባቧ አልጎደለም። በሒሳብ ግን ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ ያንን ያቃናችው መምህርቷ ናት። ቤታችን ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን በሥራችን ላይ የደረሰ ነው። በአንድ የገጠር አጥቢያ የክረምት ንባብ መርሐ ግብር ስናዘጋጅ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት እንዲሆን አደረግን። የመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹ ሞላ፤ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ሆነ። በሪፖርታችንም «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ብለን ጻፍን። ሪፖርቱን ሳንልክ በደብሩ ፊደልና ንባብ የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ የኔታ አግኝተውን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ወላጁ ግንዛቤ አላነሰውም። ሐምሌ የአረም ወር ነው። እናንተ ልጁን የጠራችሁት አባቱ ለአረም በጠራው ሰዓት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ ማታ ጥሩት እላችሁ ነበር።» ያን ዐረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ሰረዝን። ይህን በዚህ መድረክ የምንናገረው ሌላ ባለሙያ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እንዳይጽፍ ነው።

የኔታ የነገሩን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም ያደግንበት፣ ነገር ግን በሥራችን የረሳነው ሥርዓት ነው። በንባብ ቤት የቀኑ ብርሃን ለፊደልና ለንባብ ይውላል። ሲመሽ ደግሞ መብራት የማያስፈልገው የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ቀድሞ የገባው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ መምህሩ ሁሉን በአንድ ጊዜ ባይደርስም ትምህርቱ አይቆምም። ሰንበት ሲሆን ይታረፋል፤ የክብረ በዓል ቀን ለበዓሉ ይሰጣል። ስለዚህ የአብነት ትምህርት ቤቱ ክረምትም በጋም ሊያስተምር የቻለው ሥራን ከዕረፍት፣ ብርሃንን ከጨለማ ጋር ለይቶ ስላቀደ ነው። ዕረፍት የሌለው ትምህርት ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም።

«ይረሱታል» የሚለው የወላጆች ሥጋትም እውነት ነው። ፊደላችን 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ድምፅ ተዘርዝረው 231 ይሆናሉ። እነዚህን ገና እየለየ ያለ የ1ኛ ወይም የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ገጽ ካላየ በመስከረም ከካዕቡና ከሣልሱ ጋር እንደገና ይታገላል። ለዚህ መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ጮኾ ማንበብ ለዚህ ዕድሜ ይበቃዋል። በሌላ በኩል ሀገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የመማርን፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የዕረፍትንና የጨዋታን መብት ያረጋግጣል። አንዱ መብት ሌላውን ሊውጠው አይገባም።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ «እናስተምር ወይስ አናስተምር?» ብሎ ወደ ካህኑ ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ሲመጣ፣ አብረን ልንጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ማን ያስተምራል? ብዙ እናቶች «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ብለው ያፍራሉ። ነገር ግን ልጅ ሲያነብ ተቀምጣ የምትሰማ፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ግማሹን ሥራ ሠርታለች። የጎደለውን ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይሞላዋል። ማንም በሌለበት ቤት ግን ልጅን ለብቻው ከደብተር ጋር መተው ማስተማር አይባልም።

ሁለተኛ፣ በየትኛው ወር ምን ያህል? በሐምሌ አረም አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በእነዚህ ወራት የምሽቱ የቃል ትምህርትና ጥቂት ንባብ ይበቃሉ። የእርሻ ሥራ በሚቀልበት ወር ሰዓቱን መጨመር ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ ማለት በየቀኑ እኩል ማለት እንዳልሆነ ገበሬው ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ምን ይማራል? በቤት የሚጸናው ንባብ፣ ጽሕፈት፣ አራቱ የሒሳብ መደቦች፣ ጸሎትና ግብረ ገብ ነው። ሳይንስንና ከፍ ያለውን ሒሳብ፣ እንዲሁም ከእኩዮች ጋር መኖርን መማር ትምህርት ቤት ይሻላል። ይህን መቀበል የቤትን ክብር አይቀንስም።

አራተኛ፣ መቼ ያርፋል? የዕረፍት ቀን በመርሐ ግብሩ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ ልጁ በራሱ መንገድ ይወስደዋል፤ ደብተር ይደብቃል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ የማንደራደርበት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት አካባቢ የልጁ ስም ከመዝገብ እንዳይወጣ አጥብቀን እንመክራለን። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች የሚሰጡት ለተመዘገበ ተማሪ ነው፤ በቤት የተገኘ ዕውቀት ምንም ያህል ቢሆን ያለ ማስረጃ በሩ ላይ ይቆማል። መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ልጆች በቡድን፣ ከአንድ አዋቂ ጋር የሚሄዱበትን መንገድ ማዘጋጀት ከትምህርት ቤት ከማስቀረት ይቀድማል።

ሰላም በመታጣቱ ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢ ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ በቤት ማስተማር ግዴታ ይሆናል፤ ክረምት ከበጋም መቀጠል አለበት። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የመጨረሻውን የውጤት ካርድ በጥንቃቄ እንዲይዙ፣ ልጁ የተማረውንም በአንድ ደብተር ከነቀኑ እንዲመዘግቡ እንንገራቸው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህራን ልጁን በየትኛው ክፍል እንደሚያስቀምጡት ለመመዘን ይረዳቸዋል።

አባቶቻችን፣ ስለ ሴቶች ልጆች ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። «በቤት ትማር» የሚለው ቃል ለወንድ ልጅ ደብተር፣ ለሴት ልጅ ግን እንስራና ምድጃ ሆኖ ሲገኝ አይተናል። በቤት የቀረች ልጅ ከመምህሯና ከጓደኞቿ ዓይን ትሰወራለች፤ ያኔ የጋብቻ ወሬ ይጀመራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ንስሐ አባት ወደ ቤቱ ሲገባ «ልጅቷ ዛሬ ምን አነበበች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ይጠብቃታል።

ከሰበካ ጉባኤያችሁስ ምን ይጠበቃል? ጉባኤው ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ወንበር የሚያስቀምጥ ስለሆነ ይህን ሥራ ለመምራት ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር አንድ ስብሰባ ለዚሁ ጉዳይ ይዋል። ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ተነጋግራችሁ በክረምት በመደርደሪያ ተቆልፈው የሚከርሙ መጻሕፍትን በፊርማ ተረከቡ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ለአንድ ሰዓት ክፈቱ፤ ብርሃን ያለበት አንድ ክፍል ብዙ ቤቶችን ይጠቅማል። ለክረምት ወደ ቤታቸው የተመለሱ የኮሌጅ ተማሪዎችንና በዕረፍት ላይ ያሉ መምህራንን በአክብሮት ጋብዙ። ወላጅ የሌላቸውንና አስተማሪ የማያገኙትን ልጆች ስም ለይታችሁ ያዙ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰዓቱንና ወሩን ወላጆችንና የኔታን ጠይቃችሁ ወስኑ፤ እኛ ሳንጠይቅ ወስነን ያፈርንበት ነውና።

በመጨረሻም፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለን መልስ ይህ ነው፦ ልጆቻችንን ዓመቱን ሙሉ በቤት እናስተምር፤ ነገር ግን በልኩ፣ በወቅቱና በዕረፍት፣ ደግሞም ትምህርት ቤቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከእርሱ ሳንለያቸው። ያ የለጠፍነው ወረቀት ዛሬም በቤታችን በመጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። አዲስ ዕቅድ ልናወጣ ስንል አውጥተን እንመለከተዋለን። የእናንተ ዕቅድ ከእኛ የመጀመሪያው ይልቅ አጭር እንዲሆንና እስከ ዓመቱ ፍጻሜ እንዲዘልቅ እንመኛለን።

እግዚአብሔር አምላክ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ የአባቶቻችንን አገልግሎት ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።