ከባሕር ወደ ደጋ፦ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የመጥለቂያ ስፍራ ስለ መፈለግ



ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በሚነገርበት በዚህ መድረክ ባሕር ውስጥ ስለ መጥለቅ እንድናገር ስጋበዝ ማመንታቴን አልሸሽግም። ይሁንና ከመካከላችን በሥራ ምክንያት ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው። ሐሙስ ሥራ ሲያበቃ ዐይናቸውን ወደ ባሕሩ የሚወረውሩም አይጠፉም፤ እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ።

ስፍራውን ማግኘት የሚገመተውን ያህል አያስቸግርም። የመሬት ከፍታ መስመር ማንበብ የለመደ መሐንዲስ የባሕር ካርታ ሲቀርብለት እንግዳ አይሆንበትም፤ የጥልቀት መስመሮቹ ተጠጋግተው በሚታዩበት ገደል አለ፣ ገደል ባለበትም ኮራልና ዓሣ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ሰፊ ውሃ በጠባብ በር በሚያልፍበት፣ ለምሳሌ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከጉቤት ጋር በሚገናኝበት፣ ፍሰቱ ብርቱ ነው። ካርታው የማይናገረውን ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ይናገራል፦ ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚረጋ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ። ከከተማው ብዙ ሳይርቁ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች አሉ፤ ለጀማሪ የምመክረው እነርሱን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ወደ አርታ ዳርቻ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ምግቡ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት ስለሆነ ሰውን አያድንም፤ እርሱን ለማየት የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል፣ ሲሊንደር መሸከም አያሻም። ራቅ ብሎ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ሰባቱ ወንድማማች የሚባሉት ደሴቶች ይገኛሉ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለቀናት በጀልባ ላይ ያድራል። ውበታቸው ሲነገር እሰማለሁ፣ ነገር ግን እስካሁን አልደፈርሁም፤ ምክንያቱን ኋላ ትረዱልኛላችሁ።

አስቸጋሪው አገልግሎቱን መመዘን ነው። እኔ ጀልባውን ከማየቴ በፊት ኮምፕሬሰሩን አሳዩኝ እላለሁ። የአየር መሳቢያው ከሞተር ጭስ ማውጫ አጠገብ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ነውና፣ ላይ ሲተነፍሱት እምብዛም የማይጎዳው መርዝ እዚያ አራት እጥፍ ሆኖ ይሠራል። በሲሊንደሩ ትከሻ ላይም የተፈተነበት ጊዜ ተቀርጾበታል፤ ማንበብ ነውር የለውም። ባለቤቱ በጥያቄዬ ከተቆጣ፣ በበኩሌ መልሱን አግኝቻለሁ ብዬ እመለሳለሁ።

እኛ ደገኞች ግን ከሌላው ጠላቂ የተለየ አንድ ዕዳ አለብን። ከውሃ በታች በግፊት የተነፈስነው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ የሚለቀንም በዝግታ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሰውም ካልታገሠ የሚደርስበት ይኸው ነው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ካዘጋጀው የባለሙያዎች ስብሰባ ወዲህ፣ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ምክሩ የተሰጠው በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢያንስ በ2,438 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር እኩል እንደሚሆን በማሰብ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በ2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ጠረፍ ከተማ የሚጓዘው መንገደኛ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ግፊቱ ይመለስለታል፤ እኛ ግን ወርደንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። በመኪናም ሆነ በባቡር ብንመጣ መድረሻው አይለወጥም።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ! ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሁለት ቀን ስንጠልቅ ሰንብተን፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከውሃ እንደወጣን የዚያኑ ማታ አውሮፕላን ተሳፈርን። የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ለማትረፍ ብዬ ሁለቱንም ትኬት የቆረጥሁት እኔ ነበርሁ። እቤቱ ሳደርሰው ትከሻውን አመመው፤ ሲሊንደር በመሸከም ነው ብለን ሣቅን። ሲነጋ ሁለት ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። ሐኪሙ ኦክስጅን እየሰጠው፣ ግፊት ያለበት የሕክምና ክፍል በቅርብ የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ስለ ኮራሉ ብዙ አጥንቼ ነበር፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ከመሄዴ በፊት ለማንም አላቀረብሁም። ሕመሙ በቀናት ውስጥ ተወው፣ የጣቶቹ ድንዛዜ ግን ለወራት ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ስፍራ የምመርጠው ከመመለሻው ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያ የግፊት ክፍሉ የት እንደሆነና በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ መሆኑን በስልክ አረጋግጣለሁ፤ ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ካርታውን የምዘረጋው። መልስ ካጣሁ ደሴቱ ምንም ቢያምር ይቀራል። ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ውሃ አልገባም፤ ጉዞዬም ቅዳሜ ጧት ከ12 ሰዓት አይቀድምም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ እስከ ማታ አቆየዋለሁ።

ባልደረባዬ ዛሬም አብሮኝ ይጠልቃል። ትኬቱን ግን ራሱ ይቆርጣል።