በሩና ጊዜው፦ የዳርት ሙያተኞች የውድድር ዘመን ስለ ፍትሐዊ ማጣሪያ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ዳርት መሆኑ ከአንዳንዶቻችሁ ዘንድ ፈገግታን ሳይጭር አልቀረም። ለብዙ ሰው ዳርት ከክበብ ግድግዳ የማይርቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነውና። እኔን ወደዚህ ርእስ የሳበኝ ግን ሁላችንንም የሚነካ ጥያቄ ነው። ብዙዎች የሚሹትን ጥቂት ቦታ ለማን እንስጥ? በምንስ እንለካ? ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል፣ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀጥር፣ አሠልጣኝ ብሔራዊ ቡድን ሲመርጥ የሚገጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው። ዳርት ለዚህ ጥያቄ መልካም መመርመሪያ የሚሆነው ልኬቱ ግልጽ ስለሆነ ነው። ዳርቷ ያረፈችበት ቦታ ነጥቡን ይናገራል፤ ቁመትና ጉልበት እምብዛም ልዩነት አያመጡም፤ ዕቃውም ርካሽ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሲቀር፣ ከተጫዋቹ ችሎታ ቀጥሎ የምናየው የሥርዓቱን እጅ ነው።

የማቀርበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ማጣሪያ ከቦታ ጋር ጊዜንም ያድላል፤ ስለዚህ ፍትሐዊነቱን ስንመዝን በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ ከመጠየቅ አልፈን፣ የገባው ሰው ችሎታውን ለማሳየት ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው መጠየቅ ይገባናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቁ በጥቂቱ ልግለጽ። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 2.37 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የሰሌዳው እምብርት ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ከ501 ነጥብ ይነሡና በየተራ ሦስት ሦስት ዳርት እየወረወሩ ያገኙትን ይቀንሳሉ። ቀድሞ ልክ ዜሮ ላይ የደረሰ ያሸንፋል፤ ሆኖም የመጨረሻዋ ዳርት በሰሌዳው ጠርዝ ባለችው ቀጭን የእጥፍ ቀለበት ወይም በእምብርቱ መሐል ማረፍ አለባት። እንዲህ ያለው አንድ ጨዋታ «ሌግ» ይባላል።

ዛሬ ዋና ዋናዎቹን የሙያ ውድድሮች የሚመራው ፕሮፌሽናል ዳርት ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ፒዲሲ የሚባለው ድርጅት ነው። መነሻው በ1992 የተፈጠረ መለያየት ነው። ኤሪክ ብሪስቶው፣ ጆን ሎውና ፊል ቴይለር የሚገኙባቸው 16 ተጫዋቾች የቴሌቪዥን ሽፋኑ መመናመኑና የሙያቸው ገቢ መቀነሱ አሳስቧቸው የራሳቸውን ምክር ቤት መሠረቱ። የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮናቸውን በ1994 ዴኒስ ፕሪስትሊ አሸነፈ። ጥለውት የወጡት የእንግሊዝ ዳርት ድርጅት በ2020 እስከ ፈረሰበት ጊዜ ድረስ ስፖርቱ ሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች ነበሩት።

ለእኛ ጥናት ወሳኙ ዓመት 2011 ነው። በዚያ ዓመት «ቱር ካርድ» የሚባለው ፈቃድ ተጀመረ። የካርዱ ባለቤቶች ቁጥር 128 ነው። እያንዳንዱ አዲስ ካርድ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ሁሉም ተጫዋች ባለፉት ሁለት ዓመታት ያገኘው የሽልማት ገንዘብ ተደምሮ የደረጃ ሰንጠረዥ ይወጣል፤ በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ከአንድ እስከ 64 የሆኑት በካርዳቸው ይቀጥላሉ፤ ሁለተኛ ዓመታቸው የሚቀራቸውም እንዲሁ። ሌሎቹ ካርዳቸውን ያጣሉ። የተለቀቀው ቦታ ከፊሉ ከታችኛዎቹ የቻሌንጅ ቱርና የዴቨሎፕመንት ቱር ውድድሮች ለላቁት ይሰጣል፤ የቀረው በየጥር ወሩ በሚካሄደው ማጣሪያ፣ በ«ኪው ስኩል» ይሞላል።

ኪው ስኩል የመመዝገቢያ ክፍያውን ለከፈለ ተወዳዳሪ የተከፈተ ነው። ሠዓሊም፣ ሾፌርም፣ ካርዱን ትናንት ያጣ የቀድሞ ኮከብም በአንድ አዳራሽ ይሰለፋሉ። በቅርብ ዓመታት የእንግሊዙ በሚልተን ኪንስ፣ የአውሮፓው በጀርመኗ ካልካር ተካሂዷል። የካልካሩ ስፍራ ግንባታው አልቆ አንድም ቀን ኃይል ሳያመነጭ የቀረ የኑክሌር ጣቢያ የነበረ፣ ኋላ ወደ መዝናኛ ማእከል የተለወጠ ነው። ብዙ ሰው ተስፋውን ይዞ ለሚገባበትና ጥቂቱ ብቻ ተሳክቶለት ለሚወጣበት ማጣሪያ የሚስማማ ቦታ ይመስለኛል።

ካርድ ያገኘ ሰው የሚገባበት የውድድር ዘመን እንዲህ ይጓዛል። የዘመኑ ጀርባ አጥንት «ፕሌየርስ ቻምፒዮንሺፕ» የሚባሉት የአንድ ቀን ውድድሮች ናቸው፤ በ2025 ብዛታቸው 34 ነበር። ያለ ተመልካች፣ በሰፊ አዳራሽ ጎን ለጎን በተደረደሩ ሰሌዳዎች ላይ ይካሄዳሉ። በመጋቢት ገደማ አማተሮች ጭምር የሚገቡበት የዩኬ ኦፕን በማይንሄድ ከተማ ይደረጋል። በሐምሌ የወርልድ ማችፕሌይ በብላክፑል ይከተላል። በኅዳር ወር በፕሌየርስ ቻምፒዮንሺፕ ውድድሮች ብልጫ ያሳዩ 64 ተጫዋቾች ወደ ማይንሄድ ይመለሳሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ የዓለም ሻምፒዮናው በለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ ይጀምርና በጥር መግቢያ ይፈጸማል። ወዲያው ደግሞ ኪው ስኩል ይከፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ካርዱ ለምን ሁለት ዓመት ሆነ? ቀላል ስሌት እናስላ። አንድ ተጫዋች ከማንኛውም ተጋጣሚው እንደሚሻልና እያንዳንዱን ሌግ ከ100 ጊዜ 55ቱን እንደሚያሸንፍ እናስብ፤ ሌጎቹም አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የላቸውም እንበል። በአብዛኞቹ የፕሌየርስ ቻምፒዮንሺፕ ግጥሚያዎች ቀድሞ 6 ሌግ ያገኘ ያሸንፋል፤ ለስሌታችን ሁሉንም እንዲሁ እንውሰድ። በዚህ መጠን ተጫዋቻችን አንድ ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 63 ገደማ ነው። ነገር ግን 128 ተጫዋቾች ያሉበትን ውድድር ለማሸነፍ ሰባት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ ስለዚህ ዋንጫውን የማንሣት ዕድሉ ከ100 ወደ 4 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ይህ በአዳራሹ ካሉት ሁሉ የሚበልጠው ሰው ነው! በአንድ ቀን ብቻ ብንመዝነው 96 ጊዜ «አልበቃህም» ብለን እንመልሰዋለን። በዓመት 34 ጊዜ ቢሞክር ግን ቢያንስ አንድ ዋንጫ የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 76 ያድጋል፤ በሁለት ዓመት ደግሞ ወደ 94። በዚህ ሁሉ የሰውየው ክንድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሰጠው ጊዜ ነው። አበው እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው ያሉት ለትዕግሥት ምክር ቢሆንም፣ ለመዛኙም ምክር ይሆናል።

የሮብ ክሮስ ታሪክ ይህን በሕይወት ያሳየናል። ክሮስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በ2016 በቻሌንጅ ቱር ባሳየው ብቃት ካርድ አገኘና በጥር 2017 ከዜሮ ጀመረ። በመጀመሪያው የሙያ ዘመኑ ማብቂያ፣ ጥር 1 ቀን 2018፣ የ16 ጊዜ ሻምፒዮኑን ፊል ቴይለርን በስንብት ግጥሚያው 7 ለ 2 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 400,000 ፓውንድም ተሸለመ። ያ ገንዘብ ለሁለት ዓመት በደረጃው ላይ ተቆጠረለት። በ2020ው ሻምፒዮና የመጀመሪያ ግጥሚያውን በቤልጂጉ ኪም ሁይብሬክትስ ተሸነፈ፤ በጥር ወር የ2018ቱ ገንዘብ ከሒሳቡ ወጣ። ሥርዓቱ ጊዜን ሲሰጥ ለዘላለም አይሰጥም፤ ትናንት ያሸነፈ ሰው ቦታውን በዛሬ ሥራው እንዲያድስ ያስገድደዋል። ይህ የሥርዓቱ ጥበብ ነው።

ጉድለቱስ? የመጀመሪያው ጉድለት የጊዜውን ዋጋ የሚከፍለው ተጫዋቹ ራሱ መሆኑ ነው። በፕሌየርስ ቻምፒዮንሺፕ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ምንም ገንዘብ አያገኝም። 128 ሰዎች ሲገቡ 64ቱ የመጓጓዣና የሆቴል ወጪያቸውን ተሸክመው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ካርዱ ለሁሉም እኩል ሁለት ዓመት ይላል፤ ሆኖም የሌላ ሥራ ፈቃድ ማግኘት የማይችልና ስፖንሰር የሌለው ሰው ሁለቱን ዓመት ሙሉ ሊጠቀምበት አይችልም። በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ጊዜ በኪስ ሲለካ እኩል አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት የብቃት መለኪያው ገንዘብ መሆኑ ነው። በ2024ቱ የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ግጥሚያውን የተሸነፈ ሰው 7,500 ፓውንድ ያገኝ ነበር፤ ማንንም ሳያሸንፍ የተገኘው ይህ ገንዘብ በደረጃው ላይ ይደመራል። በዚያው ሻምፒዮና የ16 ዓመቱ ሉክ ሊትለር ፍጻሜ ደርሶ በሉክ ሃምፍሪስ 7 ለ 4 ተሸነፈ፤ ያገኘው 200,000 ፓውንድ ብቻውን ኪው ስኩልን ሳይረግጥ ከ64ቱ ውስጥ አስገባው። ሊትለር በዓመቱ ተመልሶ ዋንጫውን ስለወሰደ በእርሱ ላይ ሥርዓቱ ተሳሳተ ማለት አይቻልም። ከ2026ቱ ሻምፒዮና ጀምሮ ግን የአሸናፊው ሽልማት ከ500,000 ወደ 1,000,000 ፓውንድ አድጓል። የአንድ ውድድር ድርሻ እንዲህ ሲገዝፍ የሌላው ዓመት ልፋት ክብደት ይቀላል፤ የሁለት ዓመቱ መለኪያ ቀስ በቀስ ወደ ሦስት ሳምንት መለኪያ ያዘነብላል።

ሦስተኛው ጉድለት በሩ ተከፍቶላቸው ጊዜ ያልተሰጣቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2019 ፋሎን ሼሮክ በሴቶች ማጣሪያ አልፋ በፒዲሲ የዓለም ሻምፒዮና ወንድን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ቴድ ኤቬትስን ከዚያም ሜንሱር ሱሊዮቪችን ረታች። ከሳምንታት በኋላ በኪው ስኩል ካርድ ሳታገኝ ቀረች። በዚያው ጥር ሊሳ አሽተን በኪው ስኩል ካርድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ2020 ጀምሮ ለሴቶች የተለየ ተከታታይ ውድድር ተዘጋጅቷል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም እዚያ የሚገኘው ሽልማት በዋናው የደረጃ ሰንጠረዥ አይቆጠርም። የልምምድ ጊዜ ተጨመረ፤ የሚቆጠር ጊዜ ግን አልተጨመረም።

ከአህጉራችንም ምሳሌ አለ። ደቡብ አፍሪካዊው ዴቨን ፒተርሰን በ2020 የጀርመን ዳርት ሻምፒዮናን ሲያሸንፍ በመደበኛው ቱር ለዓመታት የቆየ ተጫዋች ነበር። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ የጎረቤታችን የኬንያ ተወላጅ፣ በሙያው የእንስሳት ሐኪም የሆነው ዴቪድ ሙንዩዋ፣ በአፍሪካ ማጣሪያ አልፎ በአሌክሳንድራ ፓላስ ቀረበ፤ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ቤልጂጋዊውን ማይክ ዴ ዴከርን 3 ለ 2 አሸነፈ። ደስታው የሁላችን ነበር። ነገር ግን የአህጉር ማጣሪያ የሚሰጠው ወደ አንድ ሻምፒዮና መግቢያ እንጂ ቱር ካርድ አይደለም። ፒተርሰን ያገኘውን ተደጋጋሚ ዕድል ሙንዩዋ የሚያገኘው ከናይሮቢ አውሮፓ ድረስ ተጉዞ፣ በራሱ ወጪ፣ ኪው ስኩልን ካለፈ ብቻ ነው።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ስፖርት በአንድ ምሽት ጫና ራስን መግዛት ነው፤ ጊዜ ማብዛት ድፍረትን መቀነስ አይሆንምን? ተቃውሞው ክብደት አለው። በእጥፉ ቀለበት ፊት የማይንቀጠቀጥ እጅ የብቃት አካል ነው። ሆኖም ሥርዓቱ ራሱ ለምርጦቹ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ በክፍሎች ይከፈላል፤ ቀድሞ ሦስት ሌግ ያሸነፈ አንድ ክፍል ያገኛል፤ ቀድሞ ሰባት ክፍል ያገኘ ዋንጫውን ይወስዳል። ስለዚህ አሸናፊው ቢያንስ 21 ሌግ ማሸነፍ አለበት። ያ የ55 ከመቶ ተጫዋቻችን በዚህ መጠን ሲለካ የማሸነፍ ዕድሉ ከ63 ወደ 75 ገደማ ይወጣል። ሥርዓቱ ታላላቆቹን በረጅም ሜትር፣ ታናናሾቹን በአጭር ሜትር ይለካል፤ ስሕተት የበለጠ የሚጎዳው ግን አንድ ዕድል ብቻ ያለውን ታናሹን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከእናንተ ብዙዎቹ መራጮች ትሆናላችሁ። ፈተና ታወጣላችሁ፤ ቡድን ትመርጣላችሁ፤ ገንዘብ ታድላላችሁ። ከዳርት ሰዎች ሁለት ነገር ተማሩ፤ በሩን ለሁሉም ከፍተዋል፤ ለገባውም ከአንድ ቀን የረዘመ ጊዜ ሰጥተዋል። እነርሱ ያላሟሉትን ሦስተኛውን ደግሞ እናንተ አስቡበት፤ የሰጣችሁት ጊዜ ወጪውን መሸከም ለማይችለውም በእርግጥ ጊዜ ይሁንለት። አንድ ሰው «አልበቃም» ተብሎ ሲመለስ፣ ያልበቃው እርሱ ነው ወይስ የተሰጠው ጊዜ የሚለውን ጥያቄ ሳትመረምሩ መዝገቡን አትዝጉ።