መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ
በማኅበራችን የንባብ ቀን የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርዕሳችን ገጣሚያንና ጸሐፌ ተውኔቶች መልስ የማይጠብቅ ጥያቄን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው። ርዕሱ ሲነገር ከመካከላችን አንዷ "ይኼ ደግሞ ለእኛ ምን ይሠራልናል?" አለች። ሳቅን። እሷ ራሷ ያደረገችው ያንኑ ነበርና። መጠየቋ አልነበረም፤ "ምንም አይሠራልንም" ማለቷ ነበር።

ይሠራልናል። ርዕሱን የመረጥነው አምና በቁጠባ ስብሰባችን ላይ በደረሰብን ነገር ምክንያት ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ አልተማርነውም። "ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ" ሲባል ማንም ተነሥቶ "እገሌ ይናገር" አይልም። መልሱ ከጥያቄው ውስጥ አለ። ለቅሶ ቤትም እናውቀዋለን። አልቃሿ ሟቹን ቤቱን ለማን ጥሎ እንደሄደ ትጠይቀዋለች። እንደማይመልስላት ታውቃለች። ጥያቄው ለሟች ቢነገርም የሚሰማው በዙሪያዋ የተቀመጠው ዘመድና ጎረቤት ነው። ከነልጆቿ ማን እንደሚያያት የሚያስበው እሱ ነው። ለአንዱ ተነግሮ ሌላው እንዲሰማው ማድረግ የቴአትርም ዘዴ ነው። መድረክ ላይ ያለችው ሴት ባሏን ስትጠይቅ፣ መልሱን የምትሻው ወንበር ላይ ከተቀመጥነው ከእኛ ነው።

ማን ማንን እንደሚጠይቅም ለውጥ ያመጣል። በመጽሐፈ ኢዮብ ከምዕራፍ 38 ጀምሮ እግዚአብሔር ኢዮብን ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደረበ ይጠይቀዋል። ኢዮብ አንዱንም መመለስ አልቻለም፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ጥያቄ ዝም ያሰኛል። እኛም በልጅነታችን "ሴት ልጅ ምን ታውቃለች?" ስንባል አፋችንን የያዝነው ለዚህ ነው።

ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን በቀድሞው ሙግት "ተጠየቅ"፣ "በልሃ ልበልሃ" እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ ድሃውም ባለጸጋውን ቆሞ የመጠየቅ ወግ ነበረው። ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደን የምናገኛቸው አራት ኪሎና ስድስት ኪሎም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1950ዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙበት በነበረው የኮሌጅ ቀን ግጥም ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ "ድሃው ይናገራል" የተሰማው በዚያ ነው። ዮሐንስ አድማሱ ግጥሙን "እስቲ ተጠየቁ" ብሎ ሰየመው፤ ኢብሳ ጉተማም ኢትዮጵያዊ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግጥም ጻፈ። መንግሥትን "በድለሃል" ማለት በሚያስቀጣበት ዘመን ጥያቄ መጠለያ ነበር። ጠያቂው "ጠየቅሁ እንጂ ምን አልኩ?" ማለት ይችላል። ፍርዱን በልቡ የሚሰጠው ሰሚው ነው።

ጽሕፈታችንም ይህን ጉዳይ ያወቀው ይመስላል። ለጥያቄ የቀድሞው ምልክታችን ባለ ሦስት ነጥቡ ፧ ነው። ለምጸት ደግሞ ትእምርተ ስላቅ የሚባል፣ ቃለ አጋኖ ተገልብጦ የሚጻፍ ምልክት ¡ አለን። መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ስለዚህም ሰው ሊያጽናና ይችላል፤ ሊያቆስልም ይችላል።

ማቁሰሉን በደንብ ያሳየን ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር ኦቴሎ ነው። ኢያጎ "ሚስትህ ትማግጣለች" ብሎ አይጀምርም። ካሲዮ የሁለቱን ፍቅር ገና ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ኦቴሎን እንደ ቀላል ነገር ይጠይቀዋል። ለምን እንደጠየቀ ሲጠየቅ፣ ለራሱ ሐሳብ ያህል እንጂ ለክፉ እንዳልሆነ ይናገራል። ያቺ ጥያቄ በኦቴሎ ልብ ውስጥ እያደገች ሄደች። በመጨረሻ ንጹሗ ዴዝዴሞና ሞተች። ኦቴሎ ሚስቱን በጊዜው በቀጥታ ጠይቆ መልሷን ቢሰማ ኖሮ ቴአትሩ እንደዚያ ባላለቀ።

አሁን ወደ ስብሰባችን እንመለስ። አምና በጥቅምት ገንዘብ ያዧ ሒሳቡን አንብባ ስትጨርስ አንዲት እህታችን ከኋላ "ታዲያ ብራችን ክንፍ አውጥቶ በረረ?" አለች። ጥቂቶቻችን ሳቅን። ገንዘብ ያዧ ግን ፊቷ ተለወጠ። ምን ብላ ትመልስ? "አልበረረም" ብትል መሳቂያ ትሆናለች፤ ዝም ብትል ሌባ ትሆናለች። ስብሰባው በጉርምርምታ ተበተነ። በሚቀጥለው ወር ሦስት ሴቶች መዋጮ አላመጡም፤ ገንዘብ ያዧም መዝገቡን መልሳ ቤቷ ተቀመጠች።

በኋላ ተቀምጠን ስናየው የጎደለው 1,400 ብር ነበር። የባንክ ገቢ ደረሰኙ በቀጣዩ ወር ገጽ ላይ ተመዝግቦ ተገኘ። እህታችን "የመስከረም ድምሩ ስንት ነው? ደረሰኙስ የት አለ?" ብላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷም ይቅርታ ጠየቀች፤ እኛም ስለሳቅን ይቅርታ ጠየቅን። ገንዘብ ያዧ የተመለሰችው ከስንት ልመና በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንብ አውጥተናል፤ ስለ ገንዘብ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ በቁጥርና በወረቀት የሚመለስ መሆን አለበት።

ሌላም ተምረናል። ለመሥሪያ ቦታ ጉዳይ አንድ ቢሮ ስንመላለስ ከሠራተኞቹ አንዱ "እናንተ ሥራ የላችሁም?" አለን። ድሮ ቢሆን አንገታችንን ደፍተን እንወጣ ነበር። ያን ቀን ግን አንዲት እናታችን ጥያቄውን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ቆጥራ "አለን እንጂ ልጄ" ብላ ትዘረዝርለት ጀመር፤ እንጀራ ጋገራውን፣ ሽመናውን፣ የሾላ ገበያውን ጉሊት። ሰውዬው ወንበር አቀረበልን። መልስ እንዳይኖረው ሆኖ የተጠየቀን ጥያቄ ረጋ ብሎ መመለስ ጉልበቱን ይወስድበታል። በኮሜዲ ቴአትር አሽከሩ የጌታውን ቁጣ ቃል በቃል እየመለሰ የሚያስቀን በዚህ ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ቀን ስለምናዘጋጀው ጭውውት እንናገር። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ ጥበቃ የሚይዛት እናት ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን ያን ሸክም በጀርባችን እናውቀዋለን። መጀመሪያ ስንጽፈው ሴትዮዋ ልጆቿን ምን እንደምታበላ፣ የት እንደምትሄድ፣ አምላክ ለምን እንደረሳት አምስት ጥያቄ አከታትላ ትጠይቅ ነበር። ስንለማመደው አለቀስን። አልቅሰን ስናበቃ ግን ጥበቃው ያው ጥበቃ፣ እሷም ያቺው ምስኪን ሆነው ቀሩ። ጥያቄ ሲበዛ ልመና ይሆናል።

አምስቱንም ሰረዝን። አሁን ሸክሟን መሬት ላይ ታወርድና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ "አንተስ ቤት ወጡ የሚሠራው በምንድን ነው?" ጥበቃው ዝም ይላል። እሱም ቤት የሚነደው ጭራሮ ነው። ቀጥሎ ምንም እንዳይነገር ተስማምተናል፤ ተመልካቹ ዝምታውን ይሙላው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ለጋዜጣችን ስትጽፉ ጥያቄ ከማስቀመጣችሁ በፊት ማን እንዲሰማው እንደፈለጋችሁ አስቡ። አንዱ የሚበቃ ከሆነ ሁለተኛውን ተዉት። እርስ በርሳችን ስንነጋገር ደግሞ መልስ ያለውን ጥያቄ እንጠይቅ።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከአባሎቻችን አንዷ "እኔ ምን አቅም አለኝ?" ስትላችሁ "ምንም የለኝም" ማለቷ እንደሆነ ወስዳችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ለመስደድ አትቸኩሉ። መልሳችሁ ጠይቋት፤ "ምን ትችያለሽ?" በሏት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ መልሷ ረጅም ነው።