ጉንፋን ስለ መደጋገሙ


ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን ማጠናችን በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ ነው። ያ ኢንፍሉዌንዛ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አስተኝቷል። ጭሱ ግን ቫይረሱን አይገድልም።

እኛ የአማኑኤል ልጆች ለዕረፍት አገራችን በገባን ጊዜ «አንዴ ይዞ ለቆናል» ብለን በአንድ ዋንጫ ጠላ ተቀባበልን፤ ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን አደርን፤ በወሩ ደግመን ተኛን። ለካ ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው! ኢንፍሉዌንዛም መልኩን ስለሚለውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

ዋንጫ እንለይ፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ መስኮት እንክፈት። ዳማከሴውን እናቶቻችን ይሹልን፣ ግድ የለም፤ አንቲባዮቲክ ግን ቫይረስን አይነካም። እያሳልን አያታችንን ለመሳም አንቸኩል፤ እኛን ቶሎ የሚለቀን በሽታ የእርሷን ሳምባ ሊይዝ ይችላል።