አዲስ ፕሌይስቴሽን፣ አልከፈት ያለ አካውንት

በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወላጆች ለልጆቻችሁ ፕሌይስቴሽን 5 ገዝታችሁ አካውንቱ አልከፈት ብሏችኋል? ከመሣሪያው በፊት የሞላችሁትን መረጃ ፈትሹ።

መጀመሪያ ኢሜይሉን። ማረጋገጫው የሚላከው በኢሜይል ስለሆነ አድራሻው በትክክል መጻፉን እዩ። መልእክቱ ካልደረሳችሁ ስፓም ውስጥ ፈልጉት።

ቀጥሎ የትውልድ ቀን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ እንዳለ 2008 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ዕድሜው ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ትጨምሩበታላችሁ፤ ሲስተሙም እንደ አዋቂ ሊቆጥረው ይችላል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ አስቀድሞ ወላጅ የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ ከዚያ ልጁን በቤተሰብ አባልነት ያስገባዋል። እባካችሁ፣ ለመፍጠን ብላችሁ ይህን አትዝለሉ። የጨዋታ ሰዓቱን፣ ወጪውንና ከማን ጋር እንደሚያወራ የምትወስኑት በዚህ መንገድ ነው።

በመጨረሻ አገር። የምትኖሩበትን ምረጡ፤ አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ አገር መቀየር አይቻልም።

ለልጆቻችሁ መልካም ጨዋታ፣ ለእናንተም የአእምሮ ዕረፍት እንመኛለን።